ለጎረቤት የተሣለ ጥግ

በኔዘርላንድ አሮጌ ቤቶች ውስጥ፣ በእሳት ምድጃው ዙሪያ፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣሉ ትናንሽ የግድግዳ ታይሎች ይገኛሉ። እያንዳንዷ ታይል በየጎኗ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። ሰው ሲያያት ዓይኑ የሚያርፈው መሐሏ ላይ ባለው ሥዕል ነው፤ በመርከቡ፣ በእረኛው፣ በሚጫወተው ሕፃን፣ ወይም በመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ጥጎቿ ነው።

በአራቱም ጥጎች ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ጌጥ ተሥሎ ይገኛል። ከእነዚህ የጥግ ጌጦች መካከል በጣም የታወቀውን ሆላንዶች “ኦሰንኮፕ” ይሉታል፤ “የበሬ ራስ” ማለት ነው። ስሙ ከመልኩ የመጣ ነው፤ ግራና ቀኝ የተጠማዘዙ ሁለት ቀንዶች፣ በመሐላቸው ረዘም ያለ ፊት። ሌሎችም አሉ። እግሮቿን የዘረጋች ሸረሪት የሚመስለው “የሸረሪት ራስ” ይባላል። የካርኔሽን አበባ ቅርጽ ያለውም፣ ሊሊ የሚመስለውም አለ።

አንዲት ታይል ብቻዋን በእጃችሁ ብትይዙ የጥጓ ጌጥ የተቆረጠ ነገር ይመስላል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቆማል። አራት ታይሎች ጥግ ለጥግ ሲገጥሙ ግን አራቱ የበሬ ራሶች ይገናኙና አንድ ሙሉ አበባ ይሆናሉ። ያ አበባ በአንዷም ታይል ላይ የለም። መገጣጠሚያው ላይ ብቻ የሚኖር አበባ ነው።

ይህን እንዳይ ያስተማሩኝ፣ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ አንዲት አሮጊት ናቸው።

ከካምፕ ወጥቼ የመኖሪያ ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ቤት የደረሰኝ በሰሜን ኔዘርላንድ፣ ፍሪስላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ቋንቋ ተማርኩ፤ ቀጥሎም አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ የመንከባከብ ሥራ ጀመርኩ። ሀርሊንገን ከምትባለው የወደብ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር የሚኖሩ አንዲት የገበሬ መበለት ደረሱኝ። በአፌ የምጠራቸው እንደ አገሩ ደንብ “ሜቭሮው” እያልኩ ነበር። በልቤ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እማማ ነበሩ፤ እዚህም እማማ ልበላቸው።

የእማማ የዓይን ሕመም በእርጅና የሚመጣና የእይታን መሐል ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ነው። ዳር ዳሩ ይቀራል፤ መሐሉ ይሄዳል። ፊት ለፊታቸው ስቆም ፊቴ አይታያቸውም፤ የትከሻዬ ጫፍ ግን ይታያቸዋል። ሳሎናቸው ውስጥ ደግሞ ምድጃውን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ የታይል ግድግዳ አለ። ሥዕሎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ናቸው። እያንዳንዱ ታሪክ በክብ መስመር ውስጥ ተሥሏል፤ ከክቡ ውጭ በየጥጉ የበሬ ራስ አለ።

“ታሪኮቹ ሄደውብኛል” አሉኝ አንድ ጠዋት። “አበቦቹ ግን አሉ፤ በዓይኔ ዳር አያቸዋለሁ። መሐሉን አንቺ ንገሪኝ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡናቸውን ካፈላሁላቸው በኋላ አንድ አንድ ረድፍ እናነብ ጀመር። ሰው ከዓሣ አፍ ሲወጣ አያለሁ፤ ዮናስ ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። “ዓሣ” የሚለውንም በሆላንድኛ አውቃለሁ። “ዋጠው” የሚለውን ግን ገና አልተማርኩትም። ስለዚህ የመዋጥ ድምፅ በጉሮሮዬ አሰማቸዋለሁ። እሳቸው ይስቁና ቃሉን ይሰጡኛል። ሁለት ሰላዮች አንድ የወይን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው ሲሄዱ አያለሁ፤ “መሎጊያ” የሚለውን ይሰጡኛል። ከዓይኑ ምሰሶ የሚያህል ግንድ ወጥቶለት የወንድሙን ዓይን ጉድፍ የሚመረምረው ሰውዬ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም መናገር አቅቶን ሳቅን። ጌታ የተናገረውን ምሳሌ ሠዓሊው ቃል በቃል ሥሎት ቁጭ ብሏል።

ታሪኩ እኔ ጋ ነበር፤ ቃሉ እሳቸው ጋ። ለእሳቸውም ቢሆን ሆላንድኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለም። ቤታቸው የሚነገረው ፍሪስኛ ነበር፤ ሆላንድኛን ያወቁት ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ገና ፊደል ሳይቆጥሩ አያታቸው እዚያው ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው “ዮናስ የት አለ? ኖኅስ?” እያሉ ይጠይቋቸው እንደነበር ነገሩኝ።

አንድ ቀን ከምድጃው በስተቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሠረገላ አየሁ። ሠረገላው ቆሟል። ሁለት ሰዎች ውኃ ዳር ናቸው፤ አንዱ ተንበርክኳል፣ ሌላው እጁን ዘርግቷል። የሐዋርያት ሥራ 8። ድምፄ ተለወጠ መሰለኝ፣ እማማ “ምን አየሽ?” አሉ።

“የአገሬን ሰው” አልኳቸው።

ጃንደረባው በየትኛውም ረድፍ እንዳለ ሰው ተቀምጧል። አራቱም ጥጎቹ እንደ ጎረቤቶቹ የበሬ ራስ ናቸው። በአንድ ቀለም ብቻ ስለተሣለ እሱም ፊልጶስም ሰማያዊ ናቸው። ሬምብራንት ይህንኑ ጥምቀት በወጣትነቱ፣ በ1626፣ በዘይት ቀለም ሥሎታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ዩትሬክት ከተማ በሚገኘው የካታሪነኮንቬንት ሙዚየም አለ። የታወቀው ሠዓሊ ሥዕል ሙዚየም ገብቷል። ስሙን የማናውቀው የታይል ሠዓሊ ሥራ ደግሞ በአንድ ገበሬ ምድጃ አጠገብ ጢስ ሲጠጣ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የኔዘርላንድ ተሐድሶ ክርስቲያኖች በሥዕል ጉዳይ ጥብቅ ነበሩ። በ1566 በየከተማው ሕዝቡ ተነሥቶ ከአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ምስሎችን አፍርሷል። ታዲያ የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ እንዴት በሥዕል ሞሉት? እኔ እንደተረዳሁት ልዩነቱ በቦታውና በአገልግሎቱ ነው። ታይሏ ፊት ማንም አይሰግድም። ድስት ይጣድባታል፣ ካልሲ ይደርቅባታል፣ ሕፃን በጣቱ ይነካታል። በ1637 መጽሐፍ ቅዱስ በመንግሥት ትእዛዝ በሆላንድኛ ተተርጉሞ ወጣ። በዚያው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ታይሎችም እየበዙ መጡ። በአንዳንዶቹ ላይ ከሥዕሉ ሥር የመጽሐፉ ስምና የምዕራፉ ቁጥር ተጽፏል። ልጅ ሥዕሉን አይቶ ይጠይቃል፤ እናት መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ፍሬ ባሕር ተሻግሯል። ፊሊፕ ዶድሪጅ በ1702 ለንደን ተወለደ፤ ለወላጆቹ ሃያኛ ልጅ ነበር፤ ከሃያው በሕይወት ያደጉት እሱና አንዲት እኅቱ ብቻ ናቸው። ማንበብ ሳይችል እናቱ በምድጃቸው ዙሪያ ባሉት የሆላንድ ታይሎች የብሉይንና የአዲስ ኪዳንን ታሪክ አስተማረችው። እናቱ ራሷ ስለ እምነቱ ከቦሄሚያ የተሰደደ የወንጌል አገልጋይ ልጅ ነበረች። ዶድሪጅ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት። እሱ ግን አድጎ ሰባኪ፣ አስተማሪና መዝሙር ጻፊ ሆነ። ዛሬ በመላው ዓለም መዘምራን የሚዘምሩት “ኦ ሃፒ ዴይ” የተባለው መዝሙር መነሻው የእሱ ግጥም ነው። በ1745 ያሳተመው መንፈሳዊ መጽሐፍ ደግሞ የባሪያ ንግድን የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስ ወደ ሕያው እምነት እንዲመጣ ከረዱት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። የአንዲት ስደተኛ ልጅ፣ ልጇን በአገሯ ባልተሠራ ታይል አስተማረች።

ታይሏም ብትሆን የስደተኛ ልጅ ናት። ሸክላን በነጭ የቆርቆሮ ልባጥ ሸፍኖ በላዩ ላይ መሣል ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ በስፔንና በጣሊያን በኩል የመጣ ሙያ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናውያን ሸክላ ሠሪዎች አንትወርፕ ገቡ። በ1585 አንትወርፕ በስፔን ጦር እጅ ስትወድቅ ለፕሮቴስታንቶች ወይ እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይ በአራት ዓመት ውስጥ ከተማዋን ለቅቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። ብዙዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ ሸክላ ሠሪዎችም አብረው ሄዱ። ሰማያዊውንና ነጩን ደግሞ በመርከብ ከመጣው የቻይና ሸክላ ቀዱት። ዛሬ “ይህ ነው ሆላንድ” ተብሎ በየመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው የሚቀርበው ሰማያዊ ጌጥ ያለ ስደተኞች ባልኖረም ነበር።

አሠራሩም ይገርማል። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ በእንጨት መለኪያ ይቆረጣል። መለኪያው እንዳይንሸራተት ጥጎቹ ላይ ትንንሽ ሚስማሮች አሉት፤ የሚስማሩ ነጥብ ከመቶ ዓመታት በኋላም ከልባጡ ሥር ይታያል፤ አንዳንዴም ልክ የጥጉ ጌጥ ያለበት ቦታ ላይ። ታይሏ አንዴ ትተኮሳለች፤ ቀጥሎ ነጩ ልባጥ ይደረግባታል። ሠዓሊው በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት ያኖርባትና በከሰል ዱቄት ይመታዋል፤ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የሥዕሉን ነጠብጣብ ይተዋል። በዚያ ላይ በቀጭን ብሩሽ ይሥላል። ያልተተኮሰው ልባጥ ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል፤ መደለዝ የለም። ከዚያ እንደገና ወደ እሳት ትገባለች። በሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ በኔዘርላንድ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጉ ታይሎች እንደተሠሩ ይገመታል።

እኔን ያስደነቀኝ ጥጉ ነው። መሐሉን ሲሥል ሠዓሊው ሥዕሉን ሙሉ አድርጎ ያየዋል። ጥጉን ሲሥል ግን የሚሥለው ሩቡን ነው። የቀሩት ሦስት ሩቦች ምናልባት በሌላ ሰው እጅ ናቸው። ታይሏ ሮተርዳም ትለጠፍ ሀርሊንገን፣ ከጎኗ ማን እንደሚቆም አያውቅም። ለማያውቀው ጎረቤት ነው የሚሥለው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለስብከት የተዘጋጀ ይመስላል። “እያንዳንዳችን ሩብ ነን፤ ስንገናኝ አበባ እንሆናለን” ብሎ መጨረስ ይቻላል። የእማማ ግድግዳ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም።

አንድ ጠዋት እማማ ጣታቸውን ከምድጃው በስተግራ ወዳለው ክፍል ቀስረው “እዚያ ጋ አበባዬ ይሰበራል፤ ይታይሻል?” አሉኝ። ቀርቤ አየሁ። በእነዚያ ሁሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መካከል ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሰው ተሥሎ ቆሟል። ጴጥሮስ አይደለም፤ እንዲሁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ክብ መስመር የለውም። በጥጎቹም ላይ ያለው የበሬ ራስ ሳይሆን የሸረሪት ራስ ነው። በዙሪያው ያሉት ጎረቤቶች ቀንዶቻቸውን ወደ እሱ ዘርግተው የሚገናኛቸው አላገኙም። አራት አበቦች በእሱ ምክንያት ሙሉ አልሆኑም።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ያቺ ታይል ከዓይኔ አልጠፋችም። እኔ ነበርኩ እሷ።

በዚያ ዘመን እሑድ ጠዋት በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እቀመጥ ነበር። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። እጄን ይጨብጣሉ፤ ከአምልኮ በኋላ ቡና በአንድ ብስኩት ይሰጡኛል፤ ስለ አየሩ እናወራለን። ቡናው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ። ከሰዓት በኋላ በባቡር ሌዋርደን ወደሚገኘው የእኛ ሰዎች ኅብረት እሄዳለሁ። እዚያ መዝሙሩ የእኔ ነው፤ ጸሎቱ የእኔ ነው። ወጣቶቹ ግን እዚያው የተወለዱ ወይም በጨቅላነታቸው የመጡ ናቸው። የአማርኛውን መዝሙር በላቲን ፊደል ጽፈው ነው የሚዘምሩት፤ ቀልዳቸው በሆላንድኛ ነው። አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል፤ እኔ ቃሉን እስካስተረጉም ሳቁ ያልፋል። ጠዋትም ከሰዓትም በሰዎች መካከል ነኝ፤ ጥጌ ግን ከማንም ጋር አይገጥምም። የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት “ነይ፣ እዚህ እንደ አንቺ ያሉ ብዙ ናቸው” ትለኝ ነበር። ወደ እሷ ለመሄድ ማሰብ ብቻ ሳይሆን የቤቴን ዕቃ ለማን እንደምሰጥ ሁሉ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ስለ ዓሣ አጥማጁ ታይል እማማን ጠየቅኋቸው።

“አባቴ ነው ያገባው” አሉ። “ልጅ ሳለሁ የእሳት መቆስቆሻው ወደቀና የነበረችውን ሰበራት። አባቴ ሀርሊንገን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይህቺን ይዞ መጣ። እናቴ አየችና ‘አይገጥምም’ አለችው። ‘አይገጥምም፤ ግን ዘግቷል’ አላት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀዳዳ ነፋስ ገብቶ አያውቅም።”

ሳቅሁ። ነገር ግን በልቤ ‘መዝጊያ መሆን ብቻ ምን ዋጋ አለው?’ እያልኩ ነበር።

መልሱ የመጣው በዚያ ክረምት ነው። ከግድግዳው ጥቂት ታይሎች መላቀቅ ስለጀመሩ የእማማ ሴት ልጅ አሮጌ ታይል የሚጠግን ባለሙያ ጠራች። ሰውዬው ሲመጣ መብራት ያበራል፣ ሥዕሎቹን ያያል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ እያንዳንዷን ታይል በጣቱ አንጓ ቀስ አድርጎ ማንኳኳት ያዘ። “ምን እያዳመጡ ነው?” አልኩት። ጀርባዋ ከኖራው ጋር የተያያዘ ታይል ድፍን ድምፅ አላት፤ ኖራው የለቀቃት ደግሞ ባዶ ማሰሮ ትመስላለች አለኝ። “እኔ የምጠግነው ድምፁን ነው” አለ።

አንኳኳ። ዮናስ ባዶ። ኖኅ ድፍን። ሰላዮቹ ባዶ፤ ጥጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ልቅም ብሎ የገጠመ፣ አበባቸው የሚያምር፣ ግን ሊወድቁ የደረሱ። ዓሣ አጥማጁ ጋ ደረሰ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

ድፍን።

ሁለቴ አንኳኳና አለፈ። ለእሱ ችግር የሌለባት ታይል ናት። የእማማ አባት ኖራውን ከጀርባዋ ጠግቦ እስኪሞላ አድርጎበት ኖሯል።

ያኔ ነው የገባኝ። ጌጥ ታይሎችን ያስተዋውቃቸዋል፤ የሚይዛቸው ግን ከጀርባቸው ያለው ነው፤ እሱም አይታይም። እኔ በሁለት ኅብረት መካከል ቆሜ ሳለቅስ የነበረው ስለ ጥጌ ነው፤ ስለ ቋንቋዬ፣ ስለ ቀልዴ፣ ስለ አመጣጤ። ስለ ጀርባዬ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ሕያዋን ድንጋዮች በጻፈው ላይ ድንጋዮቹ አንድ ቤት የሚሆኑት ወደ አንዱ ሕያው ድንጋይ በመቅረባቸው ነው። ያ የማይወድቅ ነገር ነው። ጎረቤቴ ቀልዱን ባይተረጉምልኝም እንኳ አይወድቅም።

ወደ ፍራንክፈርት አልሄድኩም። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ይህ ማለት ግን ጥግ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እማማ ከሰባ ዓመት በላይ ያቺን የተሰበረች አበባ በዓይናቸው ዳር እያዩ ኖረዋል። የማይገጥም ነገር ያማል፤ የገጠመ ነገር ደስ ይላል። ሁለቱንም የማውቀው ከልጆች ጋር ካገኘሁት ነገር በኋላ ነው።

በሌዋርደኑ ኅብረት የልጆች አገልግሎት ተሰጠኝ። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ሆላንድኛዬ ገና ነው። የታይሉን መንገድ ያዝኩ። 13 በ13 አድርጌ ካርቶን ቆረጥኩላቸው፤ “መሐሉ ላይ የምትወዱትን ታሪክ፣ ጥጎቹ ላይ የበሬ ራስ ሣሉ” አልኳቸው፤ ለናሙና አንድ ሥዬ አሳየኋቸው። ሁሉም ሣሉ። ከካምፕ በቅርቡ የመጣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ሆላንድኛ አያውቅም፤ ከማንም ጋር አይጫወትም። እሱ መሐሉ ላይ ሙሴን በቅርጫት ሣለ። በአራቱ ጥጎች ላይ ግን አራት ትናንሽ ጀበናዎች ሣለ።

ካርቶኖቹን ግድግዳው ላይ ስንለጥፍ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ “አይገጥምም!” አሉ። ዳር ላይ እንዳደርገው ፈለጉ። መሐል ላይ ለጠፍኩት፤ ከጀርባው ማጣበቂያውን በደንብ አድርጌ። ልጁ ምንም አላለም። ጀበናዎቹ ከበሬ ራሶቹ ጋር ተፋጥጠው ቀሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከልጆቹ አንዷ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከቤቷ አዲስ ካርቶን ይዛ መጣች። ማንም አላዘዛትም። መሐሉ ላይ ጀልባ ሥላለች። በሁለቱ የግራ ጥጎች ላይ ጀበና፣ በሁለቱ የቀኝ ጥጎች ላይ የበሬ ራስ። “ይቺ ከሱ ጎን ናት” አለችኝ በሆላንድኛ፤ ቀጥሎም ወደ ልጁ ዞራ በተሰባበረ አማርኛ “ጀበናህ ከባድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ነው ያበላሸሁት” አለችው። ልጁ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እስክሪብቶ አምጥቶ ጀበና እንዴት እንደሚሣል፣ ጡቱ በየት በኩል እንደሚወጣ አሳያት።

እማማ አሁን በአረጋውያን መኖሪያ ናቸው። ክፍላቸው ግድግዳው ነጭ ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብለን የድሮውን ግድግዳ በቃላችን እናነበዋለን፤ ከምድጃው በስተቀኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሠረገላው፣ ውኃው። ስለ ጀበናዎቹ ስነግራቸው መጀመሪያ ጀበና ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከዚያ ስለ ልጅቷ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

“አባቴ ኖራውን አደረገ” አሉ በመጨረሻ። “እሷ ግን ጥጉን አደረገች። እኛ ቤት ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።”

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ በየወጣት ኅብረታችሁ ውስጥ ጥጉ የማይገጥም አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ መዝሙራችሁን የማያውቅ፣ ቀልዳችሁ የማይገባው። በሚቀጥለው እሑድ አጠገቡ ተቀመጡ። መጀመሪያ እንደዚያ ባለሙያ ቀስ ብላችሁ አንኳኩና አዳምጡ፤ ድፍን ነው ወይስ ባዶ? ከጌጣችን ጋር የገጠሙትንም አንኳኩ፤ ከእነሱ መካከል ኖራው የለቀቃቸው አሉ። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ካርቶን ቁረጡ። በአንድ በኩል የራሳችሁን ጥግ ሣሉ፤ በሌላው በኩል የእሱን። ሦስት ጊዜ ቢበላሽባችሁም አራተኛውን ሞክሩ።